የእንጦጦን ዳገት ቀድመው የወጡት የአቶ ሌንጮ ጉታ የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ መቀመጫ ያገኛችሁ አረፍ በሉ፤ ያላገኛችሁም ዛፉ ሥር ጠጋ ጠጋ በሉና ጥቂት ታገሡኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና አጻጻፉ ቢጎረብጣችሁ ይቅር በሉኝ። ፀሐዬ ነኝ፣ የሟች አጎት። ያሳደግኩትን ልጅ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን "አንቱ" ብዬው አላውቅም፤ ዛሬ እንደ ሥርዓቱ እላቸዋለሁ። እናታቸውን ደሳለችን ግን ታናሽ እኅቴ ናትና እንደ ወትሮዬ "እሷ" እንድላት ፍቀዱልኝ።

አቶ ሌንጮ ጉታ ከአባታቸው ከአቶ ጉታ ሾዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሳለች መስከረም 3 ቀን 1992 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ዓመቱን ደግሜ ላንብበው፤ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት። በኪሳቸው የነበረው የልደት ወረቀት ሌላ ነበር የሚለው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ግንበኛ የነበሩት አባታቸው አረፉ። ደሳለች ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል እየተሸከመች፣ እሳቸውንና ታናሽ እኅታቸውን ሊሚን አስተማረች። አቶ ሌንጮ ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ የእናታቸው ወገብ እምቢ ሲል ደብተራቸውን አስቀመጡ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ ገበያ ካለ ዳቦ ቤት ተቀጥረው በብስክሌት ዳቦ ማከፋፈል ጀመሩ። ብስክሌቱ እንኳን ሰው ሊያወጣ ራሱን የማይችል ከባድ ብረት ነበር። ከኋላው ሁለት ሣጥን ዳቦ ጭነው በየቀኑ ሦስት ጊዜ ወደ ላይኞቹ ሱቆች ይወጡ ነበር። በቃ፣ ዳገት የተማሩት እንዲህ ነው።

ጎማ ሲተነፍስባቸው የሚሄዱት ጎሚስታው ሸፊ ዘንድ ነበር። ሸፊ እሳቸው ጭነት ይዘው ባዶውን የሚነዳውን ሲቀድሙ አየና ከቆራሌው አንድ የእሽቅድድም ብስክሌት አካል ፈልጎ፣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ገጠመላቸው። ልምምዱንም ያወጣላቸው እሱ ነው። ሣጥናቸው ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ያስወጣቸዋል፤ ውድድር ሳምንት ሲቀረው አሸዋውን ይደፋዋል። ያን ጊዜ "ጋሼ፣ ከኋላዬ ሰው የሚገፋኝ ነው የሚመስለኝ" ብለው ይስቁ ነበር።

ሌሎቹ ልጆች ዳገቱ ሲከብዳቸው የአይሱዙ ጭራ ይዘው ይጎተታሉ። እሳቸው አንድም ቀን አልያዙም። ለምን ብላቸው "የሚያድገው የመኪናው ጉልበት ነው፣ የኔ አይደለም" አሉኝ። የእናታቸው ባልንጀሮች እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ያገኟቸዋል። አንዷ፣ "አንተ ሌንጮ፣ እኛስ እንጨቱን ሸጠን ራት እንበላበታለን፤ አንተ ዳገቱን ለማን ልትሸጠው ነው?" ብላ ትተርባቸዋለች። እሳቸውም ሳይቆሙ፣ "ገዢስ አለ፣ ዋጋ አልተስማማንም" ይሏት ነበር።

ገዢው ይኸውላችሁ። አንድ የብስክሌት ክለብ በየዓመቱ የእንጦጦን ዳገት ውድድር ያሸነፈ አንድ ወጣት ይቀጥራል፤ ደመወዝ፣ ደህና ብስክሌት፣ ሐኪም፣ ሁሉ ያለው ነው። ግን ዕድሜው ከሃያ ሦስት በታች መሆን አለበት። አቶ ሌንጮ ይህን ሲሰሙ ዕድሜው በእጃቸው ላይ አልፎ ነበር። ተስፋ ቆርጠው ብስክሌቱን ለሸፊ ሊመልሱ ሲሉ መንገድ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ወረዳ ይዣቸው ሄድኩ። የልደት ወረቀት ለሌለው ሰው ሦስት ምስክር ይበቃል። የዕድር ዳኛ ነኝ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ ማን ይጠረጥረኛል። ሁለት ጓደኞቼን አስከትዬ እጄን አንሥቼ፣ "በ1996 ነው የተወለደው" ብዬ ማልኩ። ዳቦ ሲያመላልሱ ያለፉባቸውን አራት ዓመታት የመለስኩላቸው መስሎኝ ነበር። ስንወጣ አቶ ሌንጮ፣ ለእማ እንንገራት አሉኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ደሳለች በመሐላ የማትቀልድ ሰው ናት፤ እሷን ደግሞ ኃጢአት ውስጥ አናስገባት አልኳቸው። ይኸውና እንዲያ አልን፣ ዝም ተባለ።

በ2016 ዓ.ም. አራተኛ ወጡ። ለሚቀጥለው ዓመት ሸፊ አሸዋውን ጨመረው። ሊያገቧት ላሰቧት ለሄርሜላ ቤተሰብም ሽማግሌ ልንልክ፣ ክለብ ሲገቡ ብለን ለሰኔ ቀጠርን።

ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከአዲሱ ገበያ ሠላሳ አንድ ልጆች ተነሡ። እኔና ደሳለች ከቅዳሴ ወጥተን ጫፉ ላይ እንጠብቃለን። መጨረሻው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲወዛወዝ፣ እሳቸው ቁጭ እንዳሉ፣ ዳቦ እንደሚያደርስ ሰው ዝም ብለው እየረገጡ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ቅርብ ሰው አልነበረም። መስመሩን እንዳለፉ ብስክሌቱ ላይ ተደፉ። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፤ ብርዱ ነው አልኩ። ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ ሲወድቅ ደሳለች እልል አለች፤ እንጨት የሚሸከሙት ሴቶችም ሸክማቸውን እንዳዘሉ አብረዋት እልል አሉ።

ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ማይክሮፎን የያዘ ትሑት ወጣት ነው፣ ክፋት አልነበረውም፣ ወደ እኅቴ ቀረበና "እናቴ፣ ይሄ ጀግና ስንት ዓመቱ ነው?" አላት።

"ሃያ አምስት አልፎታል እኮ ልጄ" አለች። "በዘጠና ሁለት፣ ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የወለድኩት።"

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፤ ተራራው ሁሉ ሰማ። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ተሳስታ ነው ለማለትም፣ የማልኩት እኔ ነኝ ለማለትም አፍ ነበረኝ። አልተጠቀምኩበትም። ሰዎቹ ተሰብስበው ተመካከሩ፣ ወረቀት አገላበጡ። ከዚያ መጥተው ሜዳሊያውን ከአንገታቸው አወለቁት። ደሳለች በትልቅ ሊለውጡላቸው መስሏት ሁለተኛ እልል አለች። አብሯት እልል ያለ ግን አልነበረም።

አቶ ሌንጮ ለሁለት ዓመት ከውድድር ታገዱ። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ክለብ ገባ። ለሰኔ የቀጠርነው ሽምግልናም ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሌንጮ እናታቸውን አላነጋገሩም። የሠራችውን ይበላሉ፣ ያጠበችውን ይለብሳሉ፤ ቃል ግን የለም። ስምንት ወር ሙሉ። ሰፈሩ ደግሞ፣ እናንተው ናችሁና አትቀየሙኝ፣ አልማራትም። በወፍጮ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ "አፏን ብትይዝ ኖሮ" ይባላል። እናቱ አፈር አስጋጠችው ተባለ። በዕድራችን ድንኳን ውስጥ፣ እሷ ወጥ እየጨለፈች፣ እየሰማች ተባለ። እኔ የዕድሩ ዳኛ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጬ ጨልፋ የሰጠችኝን በላሁ።

አቶ ሌንጮ እገዳው ሲያልቅ በትክክለኛ ዕድሜያቸው ከትልልቆቹ ጋር እወዳደራለሁ ብለው በየማለዳው መውጣታቸውን አልተዉም። መስከረም ላይ ሳል ጀመራቸው። ኅዳር ላይ እግራቸው አበጠ፣ ተኝተው መተንፈስ አቃታቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው ያድሩ ነበር። ሐዘን ነው አልን። ጠበልም ወሰድናቸው። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲገቡ ሐኪሟ ደረታቸውን አዳምጣ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የልባቸው በር ጠቦ እንደኖረ ነገረችን። ዳገቱ ነው ያባባሰው አለች። ቀጥላም፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲወዳደር እንዴት አንድ ሰው ደረቱን አላዳመጠም ብላ ጠየቀችኝ። ክለቡ አዲስ ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ምርመራ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ክለብ ገብተው ቢሆን ብስክሌቱን ይከለከሉ ነበር፤ ነፍሳቸው ግን ትተርፍ ነበር። ይህም ሰፈር ደረሰ። በደሳለች ላይ ሌላ ድንጋይ ተጨመረ፤ አሁንስ ገደለችው ተባለ።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ደሳለች አልጋው ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ለመነቻቸው። እሳቸውም ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ "እማ፣ አንቺ እኮ የወለድሽበትን ነው የተናገርሽው" አሏት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ "እማ" ያሏት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ጋሼ፣ ማን እንደማለ ለሰፈሩ ይንገሩልኝ።" እኔም፣ ስትድን አብረን እንነግራቸዋለን አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ እኔን አላዩኝም።

አቶ ሌንጮ ጉታ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ትዳር አልያዙም፣ ልጅ አልወለዱም። እናታቸውን ወይዘሮ ደሳለችን፣ እኅታቸውን ሊሚን፣ ለሰኔ የተቀጠረላትን ሄርሜላንና ያለ ምንም ዋጋ ያሠለጠናቸውን ሸፊን ትተዋል። እኔን ከሐዘንተኞቹ ጋር አልጻፍኩም። እግዚአብሔር ትንፋሽ የማያጥርበትን ስፍራ ለነፍሳቸው ያዘጋጅላቸው፤ ለእናታቸውና ለእኅታቸው የሚያስችል ልብ ይስጥልን።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ነገ ድንኳኑ ሲፈርስ እኅቴ ብቻዋን ከእናንተ ጋር ትቀራለች። ወፍጮ ቤት ስታገኟት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታገኟት፣ ስለ ልጇ ማውራታችሁ አይቀርም። ያኔ የማለው ፀሐዬ መሆኑን፣ ዝም ያለውም ፀሐዬ መሆኑን አደራ አስታውሱልኝ። እሷ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።