የሱፍ ውሃና የካርቶን ወተት

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ። ሚናስ ሕፃን ሳለ የላም ወተት አልስማማው ሲል፣ የሱፍ ውሃ ነጭ ስለሆነ ብቻ ወተት የሚተካ መስሎኝ ዓመት ሙሉ እሱን አጠጣሁት። እግሩ የጎበጠው በእኔ ነው እያልኩ ኖሬአለሁ።

ዛሬ ሚናስ በሚኖርበት ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ የአኩሪ አተር ወተት አገኘሁ! ሚናስ «እማዬ፣ ደግሞ ካርቶን ማንበብ ጀመርሽ?» እያለ ሲያሾፍብኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፕሮቲኑ ከላም ወተት ብዙም አያንስም፤ ለአጥንት የሚሆነውን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ግን ፋብሪካው ነው የጨመረበት። እኛ ቤት ሱፉን ስንጨምቅ ማን ጨመረበት?

ደስ ብሎኝ አራት ካርቶን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ። እስክመጣ ሕፃኑን ሐኪም አሳዪው። ባለቤትሽን ጋሼ ባንታየሁን ሳሚልኝ።

ይህ ካርድ ይድረስ ለጓደኛዬ ለመሠረት፣ የልጅ ልጇን ዛሬም የሱፍ ውሃ ብቻ ለምታጠጣው።