ጥርስ የነካው ክር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጨቅላውስ እንዴት ነው? ወገብሽ ጠናልሽ? ወተትሽ ወረደልሽ? እንቅልፍ የሚባለው ነገርስ ቤታችሁ ይገባል ወይስ ከደጃፍ ይመለሳል? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ጽፌ ብዕሬ ቆም አለ። ግን እውነት ነው፣ ደህና ነን። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፤ ልጅሽ አድጎ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ።

"ልጅሽ የምትጠባውን ዓይነት የጎማ ጡት ላኪልኝ፤ ይሄ ልጅ በለቅሶ ጣሪያ ሊያነሳ ነው" ብለሽኛል። ገዝቻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ብቻ አፉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ጠባብ ነው፤ ጉልበታችን ከስፌት መኪኖቹ እግር ጋር ይጋጫል። አዝራሬን (ልጄን ሁሉም የሚጠራት እንዲህ ነው) የማስቀምጣት እግሬ ሥር፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ዘንቢል አጠገብ ነው። ስታለቅስ ልብስ የሚለካ ደንበኛ ይሳቀቃል። ስለዚህ የጎማ ጡቱ አፏ ውስጥ ዋለ። ስትተኛም፣ ስትጫወትም፣ ኋላማ ስታወራም። በአፏ ጥግ ይዛው ማውራት ለመደች። ጨርቅ ቆራጩ ሽማግሌ፣ ጋሼ መቀስ የምንለው፣ "ይቺ ልጅ ሲጋራ ከአፉ እንደማይለይ ሹፌር ነው የምታወራው" ይላል። እንስቃለን። ሁለት ዓመት አልፏት እንኳ እንስቅ ነበር።

ታውቂያለሽ፣ እኔም አንቺም ክር የምንቆርጠው በጥርስ ነው። መቀሱ አጠገባችን ተቀምጦ እንኳ። ከእማዬ የወረስነው ነው። አንድ ከሰዓት አዝራሬ ከወለሉ ቀይ ክር አነሳች። ጎማውን አወጣች፤ ክሩን እንደ እኔ አፏ ውስጥ አድርጋ ነከሰች፤ ሳበችው። ሾልኮ ወጣ። ደግማ ነከሰች። የኋላ ጥርሶቿ ገጥመዋል፤ ፊቷ ተጨማዷል፤ ክሩ ግን በፊት ጥርሶቿ መሃል፣ በበር ሥር እንደሚያልፍ ነፋስ፣ ምንም ሳይነካው ወጣ። ቀና ብላ አየችኝ። እሷ የተቆጣችው በክሩ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የላይና የታች ጥርሶቿ አይነካኩም። ጎማው ወጥቶ እንኳ ቦታው አልተዘጋም።

ማታ ለባለቤቴ አሳየሁት። አናጺ አይደል፣ አጎንብሶ እንደ በር አያት። "በር ከመቃኑ አልገጥም ሲል በሩን አልልግም፤ መጀመሪያ መሃሉ ምን እንደገባ አያለሁ" አለ። ለእሱ ነገሩ በዚህ አለቀ። እኔ ግን የሰው ሁሉ አፍ ማየት ጀመርኩ። በአውቶቡስ። በሰልፍ። የሚያዛጋ ሰው ሳገኝ ጥርሱ ይገጥም እንደሆነ ሰርቄ አያለሁ። ሴት ልጅ ናት። ነገ ስትስቅ አፏን በእጇ ብትሸፍንስ?

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ገና ወጣት ሴት ናት፤ አዝራሬን መጀመሪያ የሐኪሟን የራሷን ጥርስ እንድትመረምር ጋበዘቻት። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ምላስ ማረፊያው ላንቃ ነው፤ እዚያ ተጠግቶ የላይኛውን መንጋጋ ከውስጥ ያሰፋዋል። ጎማው ቀኑን ሙሉ ሲውል ምላስን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጉንጭ ደግሞ ከውጭ ይጫናል። ላንቃው ይጠባል፤ የፊት ጥርሶችም ለጎማው መንገድ ለቀው ይቀራሉ። እንባዬ ሲመጣ አየችና፣ "የሕፃን አጥንት ለስላሳ ነው። የጎበጠው ለዚህ ነው፤ የሚመለሰውም ለዚሁ ነው" አለችኝ። አሁን ከተወችው አብዛኛውን ጊዜ ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል፤ በቆየ ቁጥር ግን ይከብዳል። ይቺን ቃል ይዤ ወጣሁ።

እንዴት ትተወው? ስፌት ቤታችን አንድ ሕግ አለ፦ ያለቀ ልብስ መስቀያው ብረት ላይ ይሰቀላል፤ የተሰቀለውን ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይነካም። አዝራሬ ይህን ያወቀችው በእግሯ ሳትሄድ ነው። ብረቱ ሥር ስትደርስ እጆቿን ወደ ኋላ ታደርጋለች። ጋሼ መቀስ እኛን ሁሌ እንደሚጠይቀን ጎንበስ ብሎ፣ "እመቤት፣ ይሄ አላለቀም?" አላት። ጎማውን አወጣች። ስፌት እንደምናይ እያገላበጠች አየችው። "አለቀ" አለች። እሱም በጥብጣቡ ብረቱ ላይ ሰቀለው።

እንቅልፏ ሲመጣ ለቅሶው መጣ። ብረቱ ሥር ቆማ፣ እጆቿ ወደ ኋላ፣ እያየችው አነባች። አልነካችውም። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ወደ ላይ ሲሄድ ጋሼ መቀስ ከመቀሱ ቀና ሳይል፣ "ባለቤቱ መጣ እንዴ?" አለኝ። እጄን አወረድኩ። ጨርቅ ዘንቢሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ለቀናት እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያ ተወችው። ጎማው አሁንም እዚያው ነው፤ አቧራ ለብሷል።

ወራት አለፉ። ትናንት ደግሞ ቀይ ክር አንስታ ነከሰች። ሳበችው። ጥርሷ ያዝ አደረገው። ለቅጽበት ነው፤ ከዚያ ወጣ። አልተቆረጠም፤ እሷም ተናዳ ወረወረችው። እኔ አነሳሁት። መሃሉ በጥርሷ ተጠፍጥፏል። ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ያንቺው ገና ጨቅላ ነው፤ አትስጊ። ሐኪሟን ስለ እሱ ጠይቄልሻለሁ፤ ጡት መያዝ በደንብ ከለመደ በኋላ ለእንቅልፉ ቢጠባ አይጎዳም አለች። ሲነቃ ግን አውጪው፤ ዓመት ሲሞላው ቀንሺ፤ ሁለት ሳይሞላው ስቀይው። ስኳር ውስጥ እንዳትነክሩት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ "እኛ በምን አደግን?" ስትል ሳቂና እለፊያት። ባለቤትሽን፣ አራስ የሚያበላ እጁ ይባረክ በይልኝ። ለቀብራራው ወንድማችን፣ ደብዳቤ መጻፍ ክብር አይቀንስም በይው። ጨቅላውን ግንባሩን ሳሚልኝ።

ኤንቨሎፑ ውስጥ ያለችው ቀይ ክር ቆሻሻ መስላሽ እንዳትጥያት። መሃሏን በጣትሽ ዳስሺያት።

እህትሽ
ከስፌት ቤቱ መስኮት ሥር
የካቲት 3 ቀን