የወጣቶችን አዳራሽ ለዘጉልን ኃላፊ

ለክቡር የወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ መደላደል ያለኝን መልካም ምኞት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ከወጣቶች አዳራሹ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ የምሰፋ፣ የአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የምጽፈው ላመሰግንዎ ነውና እባክዎ እንደ አቤቱታ አይቁጠሩብኝ።

፩ኛ. አዳራሹን ዘግተው የተሰበሩ ወንበሮችና የአሮጌ ፋይሎች ማረፊያ ስላደረጉት እግዜር ይስጥልኝ። ከትምህርት ቤት መልስ የጠረጴዛ ቴኒሱ ኳኳታና የልጆቹ ሳቅ ስፌት ያሳስተኝ ነበር፤ ዛሬ የምሰማው የራሴን የስፌት መኪና ብቻ ነው።

፪ኛ. ልጆቹ ደረጃው ላይ መቀመጥ ሲጀምሩ ዘበኛ ልከው ስላስበተኑልንና «ወጣቱ ባለበት ሆኖ በስልኩ ይወያይ» ብለው የቴሌግራም ገጽ ስለከፈቱልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ልጄና ስምንት ጓደኞቿ ታዛዦች ናቸውና በየቤታቸው ገብተው፣ በየአልጋቸው ተጋድመው በቴሌግራም መጫወት ጀመሩ። ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን እንኳ አልተጋባባቸውም።

፫ኛ. ከዘጠኙ አንዱን ጓደኞቹ «ሳቂታው» ይሉት ነበር። እናቱ የሞተችበት፣ አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ለሳምንታት ከቤት የሚርቅ ልጅ ነው። በእነዚያ ወራት ልጁ ከሳ፤ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም ነበር። ስልክ ግን ይህን አያሳይምና ለጓደኞቹ የሚደርሳቸው የዓምና ፎቶውና ቢጫዋ የፈገግታ ኢሞጂ ብቻ ነበረች። ራሱን ስቶ ወለል ላይ ወድቆ ያገኘው ከመንገድ የተመለሰው አባቱ ነው። ሐኪሙ የስኳር በሽታ መሆኑን፣ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ መድኃኒቱን እየተወጋ እንደ እኩዮቹ መኖር ይችል እንደነበር ለአባቱ ነገረው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ።

አራተኛውን ቁጥር ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ከመሞቱ አንድ ወር አስቀድሞ አባቱ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ የልጁን ሱሪ ወገብ እንዳጠብብለት ሰጥቶኝ ነበር። አራት ጣት አስገባሁለት። ለአባቱም ለእኔም ቁመት ሲጨምር የቀጠነ ነው የመሰለን። ልጁን ላከው፣ ልለካው አላልኩም።

ከቀብሩ መልስ ስምንቱ ልጆች ሳይቀጣጠሩ መጥተው የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ሊያስነሣቸው ወጣ፤ ፊታቸውን አየና ተመልሶ ገባ። እባክዎ በዚህ እንዳይቀጡት። ልጄ ቤት ስትገባ እንዲህ አለችኝ፤ «እማዬ፣ በየቀኑ ደህና ነህ ወይ እለው ነበር። ደህና ነኝ ይለኛል። አንድ ቀን ባየው ኖሮ እኮ መዋሸቱን አውቅ ነበር።» ለዚህ መልሱ እርስዎ ዘንድ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው መጻፌ።

ፋይሎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋ አድርገው ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ብቻ ቢከፍቱልን፣ መጥረጉን እኔው እችላለሁ።

ውሳኔዎን በትሕትና የምጠባበቅ፣ አርቆ አሳቢነትዎን በየዕለቱ በመስኮቴ የማደንቅ፣
ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በገጽዎ ላወጡት የሐዘን መግለጫ እናመሰግናለን። ፎቶው ግን የሟቹ ሳይሆን በሕይወት ያለ የክፍል ጓደኛው ነው። የዚህ ጓደኛው እናት ከገጹ እንዲያነሡላት ሦስት ጊዜ ጽፋ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደርሷታል።