የአራተኛው ቀን ዒድ

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

የኡሙ ፈይሰል ቤት መስኮት ሁሉ ተወለወለ። ሃያ ሁለት መስኮት። ለዒድ እንግዳ ይመጣባታልና ከጣሪያ እስከ ምንጣፍ አስጨረሰችኝ። ወገቤ... ተይው።

ስወጣ በር ላይ ያዘችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ብቻ ነው። «ያ ከሚሪያ፣ ለሕገ ወጦች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖርሽ ቤቴ ብትያዢ ቅጣቱ ለእኔም ነው። በእኔ ስም ላድርግሽ? ባሌም እሺ ብሏል።» ከነሐሴ ጀምሮ እንዲህ ስትለኝ ሦስተኛዋ ነው።

«ሹክረን ማዳም፣ ወንድሜ እየጨረሰልኝ ነው» አልኳት። አንገቴን ቀና አድርጌ። ወንድም ያላት ሴት የሰው ደጅ ምን ያስጠናታል?

ጋሼ አሊዪ እውነትም ይዞታል። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው። ባለፈው ወር ወስዶ አሻራ አሰጠኝ። «በሰማሽን፣ አሻራሽን ከሰጠሽ ኸላስ፣ ከእኔ ከፊል፣ ከአሠሪዬ ሥር ገባሽ» አለኝ። ወረቀቱን አላየሁትም። ባየውስ? አረብኛ ምላሴ እንጂ ዓይኔ አያውቀውም። በዑምራ መጥቼ ጂዳ ከቀረሁ አሥራ አራት ዓመት፤ ፊደላቸውን ግን አንድም አልቆጠርኩ። ያሳፍራል።

ጥቅምት 1፣ ዓርብ

ከዘይቱና ጋር ሂንዳዊያ ገበያ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ለእማ ነጭ ሻሽ። ለጋሼ ልጅ ለፈቲያ የሚያብለጨልጭ ጫማ። ለጋሼ ሚስት ለሰሚራ ሽቶ። ለሰሚራ እህት እንኳ ሂጃብ ገዛሁ። ባለፈው ረመዳን ለዑምራ መጥታ እነሱ ቤት የቀረች ልጅ ናት። ዝምተኛ።

ዘይቱና አንድ ክፍል የምንጋራ ጓደኛዬ፣ የከሚሴ ልጅ፣ ጥርጣሬን ከጡት ጋር የጠባች! መንገድ ላይ ጀመረችኝ።

«ወረቀቱን አይተሽዋል?»

«ባየው አላነበው።»

«ተቀብለሽ ለሚያነብ ሰው አሳዪው።»

«ወንድሜ እኮ ነው!»

«እኔ ምን አልኩ? ወንድምሽ አይደለም አልኩሽ?»

ተኮራረፍን። ሻይ ስታፈላ ግን ሁለት ብርጭቆ ነው ያመጣችው።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዒድ ነው። የሰው ዒድ። የእኛ ዓርብ ነው።

ጋሼ የሐጃጆች አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆነናል። ሰው ሲያርድ እሱ መካ ዳር፣ ሚና ላይ መሪ ጨብጧል። መላውን ያመጣችው እማ ናት። «ዕርዱ እስከ አራተኛው ቀን ይቻል የለ? እኛም ልጄ ሲመጣ እናርዳለን» አለች። ይኸው ጎረቤት ሥጋ ሰልችቶት ሲተኛ እኛ ቢላ እንስላለን። የጋሼ ትልቋ ልጅ ፈቲያ ትምህርት ቤት «የኛ ዒድ ዓርብ ነው» ብላ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት አሉ። አሥር ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል።

እማም ለዑምራ ነበር የመጣችው። ካዕባን ካየች በኋላ ግን «ከዚህ ወዲያ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። አሮጊት ማን ይነካል። እኛ እንጂ...

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ፣ መካ፣ ኩዳይ ሰፈር

እንደ ንግሥት መካ ገባሁ። ጋሼ ሐጃጆቹን ጂዳ አየር ማረፊያ አራግፎ በባዶው አውቶቡስ ጫነኝ። አርባ ዘጠኝ ወንበር ለአንዲት ከሚሪያ። ፍተሻው ጋ ስንደርስ ወንበሮቹ መሐል ተኛሁ። ወታደሩ «ፋዲ?» አለው፤ ባዶ ነው ወይ ማለቱ ነው። ጋሼም «ፋዲ» አለ። አለፍን። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተኛሁ ሳቄ መጣ።

«ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። ደስ አለኝ። የሱን ቪዛ ያስገኘሁት እኔ ነበርኩ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያዋ ማዳሜ እግር ላይ ወድቄ። ታዲያ ወንድም ለመቼ ነው?

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ከዐስር ሶላት በኋላ። ጠግበው ሁሉም ተኝተዋል።

በጉ ከቄራ ተገፎ መጣ። ጨጓራው የእኔ ድርሻ ነው፤ ሁልጊዜም። ሰሚራ ሂና ተቀብታ ሶፋው ላይ «አይ እጄን!» ትላለች። የሷ እጅ ዒድ በመጣ ቁጥር ሂና ላይ ነው። እህቷ ግን አጠገቤ ቁጢጥ አለች። በፈላ ውሃ እንዴት እንደሚፋቅ አሳየኋት። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። ዓይን አፋር ናት አልኩ።

እማ ከመሐል፣ ጋሼ ከጎኗ፣ እኛ ዙሪያውን። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አንድ ትሪ ላይ። ፈቲያና ወንድሞቿ ለኩላሊቱ በአረብኛ ተሰዳደቡ። «በቁርኣን ቋንቋ ስድብ!» ብላ እማ ኩላሊቱን ለራሷ አነሳችው።

ከዚያ ዱዓ። «ጫት የሌለው ዱዓ ጨው የሌለው ወጥ ነው» አለች እንደ ልማዷ። ሳቅን እንደ ልማዳችን። ከትንሹ ጀምራ ስም በስም ትመርቃለች። ለእኔ በየዓመቱ አንድ ነው፤ «ከሚሪያዬ፣ አላህ ወረቀትሽን ያውጣልሽ፣ ከዓይኔ አይለይሽ።» ዛሬ ግን «አላህ አገርሽ በሰላም ያግባሽ» አለች።

አሚን አልኩ። ሁሉም አሚን አሉ። ጮክ ብለው።

ቆይቼ ጠጋ አልኳትና «እማ፣ ወረቀቴንስ ረሳሽው?» አልኳት። ሙስበሓዬን አምጪልኝ አለችኝ። መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ነበር።

አርጅታለች። ቃል ተምታታባት። ነው አይደል?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

መጻፉን አልወደድኩትም። ይጻፍ ግን።

ጠዋት ጋሼ ፓስፖርቴንና ወረቀቱን በፖስታ ሰጠኝ። «ጂዳ ስትደርሺ ትከፍቺዋለሽ፣ እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ሥራ ወረደ። ለምን ጂዳ? ደስታ መቼ ያስችላል፣ ከፈትኩት። ማኅተም አለው። ሳምኩት። አዎ፣ ሳምኩት።

ፈቲያን ጠራኋት፤ እኔን አክስቷን ዐማ ነው የምትለኝ። «እስቲ የኔ ጎበዝ፣ የዐማሽን ወረቀት አንብቢልኝ።» ጣቷን እያስኬደች ስሜን አነበበች። የአባቴን ስም። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ዐማ፣ ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«ወዴት?»

«ኹሩጅ ኒሃኢ ይላል።»

ኹሩጅ። ጨርሶ መውጫ። ይኼን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ጂዳ ያለ ሐበሻ በእንቅልፉም ያውቀዋል። አሻራ የሰጠሁት እንድቀር ሳይሆን እንድባረር ነበር። በገዛ አውራ ጣቴ።

ሰሚራን ብጠይቃት ኩሽና ገባች። እህቷ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ገባኝ።

ጋሼ ለዙህር ሶላት ተመልሶ መጣ። ፖስታው ተከፍቶ ሲያይ ቁጭ አለ።

«ከፊሉ አንዲት ሴት ብቻ ነው የምቀበለው አለ።»

«የማንን ስም ሰጠኸው?»

ፖስታውን መልሶ አጠፈው።

«ጋሼ፣ የማንን?»

«ሰሚራ፣ የእህቴ ስም ካልገባ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ አለች። ምን ላድርግ? ቤቴ ይፍረስ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ማዳሜ እኮ በስሜ ላድርግሽ እያለችኝ ነበር!»

«ዒዱ ይለፍ ብለን ነው።»

ብለን። ብዬ አላለም። ወደ እማ ዞርኩ። ወለሉን ታያለች።

«አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለች እናቴ። «የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ። እሷ ገና ልጅ ናት። እኔም... ከሐረሙ፣ ከካዕባ ርቄ አልሙት ልጄ። ይኼ ቤት ከፈረሰ እኔን ማን ያስጠጋኛል?»

ጠንካራ። ለካ ጥፋቴ ይኼ ነው!

ሰሚራን አልረገምኳትም። ለእህቷ ነው የሠራችው። የእኔዎቹስ ለማን ሠሩ?

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ጂዳ። ዘይቱና ፊቴን አየችና ሻይ ጣደች።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ኡሙ ፈይሰል ጋ ሄድኩ። «በስምሽ አድርጊኝ» አልኳት። ወረቀቱን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «ያ ሚስኪና፣ በሰማ ሰጥተሻል እኮ። ኹሩጅ ከተመታ ወደ ኋላ የለም። ነሐሴ ላይ ስጠይቅሽ ምነው እሺ ብትዪኝ?»

ነሐሴ ላይ... ወንድሜ አለኝ ብያት ነበር።

ሥራም አትምጪ አለችኝ። ፈርታለች፤ እውነቷን ነው። እስከ ደጅ ሸኝታ የቴምር ካርቶን አስያዘችኝ። ባዕድ ሰው ቴምር ሰጠኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። የእኔ ደግሞ ይብሳል፤ ፈረሱን ያስገኘሁትም እኔ ነኝ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

የምሕረቱ የመጨረሻ ቀን። አሊዪ ደጋግሞ ደወለ። በስንተኛው አነሳሁት።

«ምን እየጠበቅሽ ነው? ከነገ ጀምሮ ይይዙሻል! ለአንቺው ብዬ ነው የምጮኸው።»

«መውጣቴን አንተ ወስነህልኛል። ቀኑን እንኳ ለእኔ ተወው።»

ዘጋሁበት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ትኬት ልቆርጥ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። እሱ በቆረጠልኝ ቀን መውጣት እግሬ እምቢ አለ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከላይ የጻፍኩትን ሳነበው «አሊዪ» ብያለሁ። ጋሼ ማለት መቼ እንደተውኩ አላስታውስም። ታላቄን በስሙ ስጠራው አባቴ ቢሰማኝ በጥፊ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ካራንቲና ሰፈር በፖሊስ ተከበበ አሉ። እኛም ሰፈር ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ዘይቱና ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። ምስር አለ። ዳቦ አልቋል። ቴምሩ ጠቀመን።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ፈቲያ በእናቷ ስልክ ደወለች። ተደብቃ መሰለኝ፣ በሹክሹክታ ነው።

«ዐማ፣ ባባ አውቶቡስ አይነዳም። ቤት ነው ያለው።»

የአሊዪ ወረቀት ላይ ሙያው አትክልተኛ ነው የሚለው። ከወረቀቱ ውጭ የሚሠራም እየተያዘ ነው አሉ፣ ኢቃማ ቢኖረውም። ደስ አለኝ። አስታግፊሩላህ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ብዙም አልቆየ።

«ዐማ፣ ባባ ካልነዳ ዒዳችን ከሰው ጋር ይሆናል ማለት ነው?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ በቀኑ ይሆናል።»

«ትመጪያለሽ?»

ምን ይባላል? «እናትሽን እርጃት» አልኩና ዘጋሁት። አሁን ትዝ ሲለኝ ጫማው ልክሽ ሆነ ወይ ሳልላት ቀረሁ። ሰፋ ያለ እግር ነው ያላት፣ ዓይኔ ገምቶ ነው የገዛሁት።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ነገ እጃችንን እንሰጣለን፣ እኔና ዘይቱና። ሰዉ በራሱ እየሄደ ነው። አውቶቡስ ይጭናል፣ ከዚያ መጠለያ፣ ከዚያ አውሮፕላን። አንዳንድ ሻንጣ። ሌላውን ለአከራይዋ ተውነው።

ከዙህር በኋላ እማ ደወለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወር አለፈ።

«ልትሄጂ ነው አሉ።»

«አዎ።»

«የት ታርፊያለሽ?»

«ቤትሽ አለ አይደል? ዘግተሽው የመጣሽው።»

«ዒድ ሲመጣስ... ከማን ጋር ትውያለሽ?»

ይኼን እሷ ትጠይቀኛለች! ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስ ደግሞ አልችልም፣ ከድሮም።

«አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «አርጅቻለሁ። ዳግመኛ ላንተያይ እንችላለን። የልጄን ሐቅ ተሸክሜ አላህ ፊት አታቁሚኝ። አውፍ በይኝ።»

ዘይቱና ልብስ ማጣጠፉን ትታ ታየኛለች። እማ ትጠብቃለች። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አስሟ ተነስቶባታል። መድኃኒቷን የማስታውሳት እኔ ነበርኩ። አሁን ማን ያስታውሳታል?

«አውፍ ብያለሁ እማ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ድምፅዋ ቅልል አለ። መድኃኒቷን እንድትወስድ ነገርኳት። እሺ አለች። ተሰነባበትን።

አውፍ አላልኩም። ከልቤ አይደለም። አንድ ቀን እል ይሆናል፤ ዛሬ ግን የለም፣ ብፈልገው የለም። አላህ ያውቀዋል፤ እዚህም ጻፍኩት።

እናቴን ስዋሻት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ስትዋሸኝ ስንተኛዋ እንደነበር አልጠየቅኳትም።