የመጋረጃው ሱሪ

እታለም፣ ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ የስፌት መኪናዬም እንደ ባለቤቷ እያጉረመረመች ትሠራለች።

ልጅሽ ቁመት ጨምራለች፤ የዩኒፎርሟን ጠርዝ ፈትቼ አስረዘምኩላት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ክፍል ውስጥ ሽንት ያመልጣት ነበር። መምህርት ተብዬዋ ደግሞ ከመጋረጃ ትራፊ የተሰፋ፣ አበባ አበባ ያለበት ሱሪ አላት። ያመለጠው ልጅ እሱን ለብሶ ይውላል፤ ጓደኞቹም «መጋረጃ! መጋረጃ!» እያሉ ይስቁበታል። ቅያሪ ልብስ ይዤ ሄጄ «ገና ሕፃን እኮ ናት» ብላት፣ «ካላፈረች አትማርም» አለችኝ። ቅያሪውን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

ይኸው ተማረችላት! አሁን አያመልጣትም። ጠዋት የሞላሁላት የውሃ ኮዳ ከሰዓት ሳይነካ ይመለሳል። «ጠጪ እንጂ» ስላት አፏን ግጥም ታደርጋለች፤ የተሰነጣጠቀ ከንፈሯን ቫዝሊን እቀባላታለሁ።

መቼ እንደምትመጪ አልጠይቅሽም፤ የሥራሽን ነገር አውቃለሁ። ትናንት ግን ፀጉሯን ስሠራት ዞር ብላ፣ «አክስትዬ፣ አሁን እኮ ልብሴ ላይ አልሸናም። ለእማዬ ንገሪያት፤ ትመለስ» አለችኝ።

መልእክቷን አድርሻለሁ። ባለሽበት ደህና ሁኚልኝ።

ታናሽሽ