የምሰሶው ልክ

ልጄ ሥርጉት፣ ነፍሷን ይማርና የእናትሽ ጸሎት በሰው አገር ይጠብቅሽ። ዓመት ሙሉ የደበቅኩሽ ነገር አለ። የካ ሚካኤል ያለውን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ለጥናትሽ እንድለካልሽ ስትጠይቂኝ "ቄሱ ከለከሉኝ" ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ህንድ አገር ካለው የጣዖት ዋሻ ጋር ልታወዳድሪው መሆኑ አናዶኝ ነበር። ራሴን ስመረምር ግን፣ የእነሱ ይበልጥ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ኖሯል። በዚህ ዕድሜዬ በድንጋይ መቅናቴ ያበሽቀኛል።

ትናንት ሄጄ ቄሱን ብጠይቃቸው፣ "ጋሽ ልደቱ፣ እስከ ዛሬ ማን ከለከለዎት?" ብለው ሳቁብኝ። ትልቁን ምሰሶ ዙሪያውን በሲባጎ ለክቼ፣ ልኩ ያበቃበት ላይ ቋጠርኩ። አንድ ስንዝር ልጨምርበት ዳድቶኝ ነበር።

አደራ፣ አንቺም የኛን አታስበልጪ፤ ልኩን ብቻ ጻፊ። ሚካኤል ድካምሽን ይባርክልሽ።

ሲባጎውን ቋጠሮው ላይ ቆርጬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት።