ከግንቡ ወዲህና ወዲያ ያለው ሐረግ

ይድረስ ለእናቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር አሁንም ያስጮህሻል ወይስ ቅባቱ አስታገሰልሽ? እንቅልፍሽ፣ ዓይንሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? አባዬስ እንዴት ሰነበተ? ታናሿ እህቴና መንታዎቿስ? ዶሮዎቹ፣ ያ በር ላይ ተጋድሞ መንገደኛ የሚያደናቅፈው ድመትስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከእናንተ ናፍቆት በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። እንዲያውም ወፍሬአለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ሱሪዬን በገዛ እጄ ሁለት ጣት አስፍቼዋለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁሉም ደስ አሰኝቶኛል፣ ከአንዱ በቀር። ግንበኛው በወሩ መጨረሻ መጥቶ በእኛና በአክስቴ ግቢ መካከል ያለውን ግንብ ሊጠግን እንደሆነ፣ ከዚያ በፊትም ሐረግሽን ከነሥሩ ነቅለሽ ልትጥይው እንደቆረጥሽ ጽፈሻል። እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜ እለምንሻለሁ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ዶማ እንዳታነሺ። አንቺ ደግሞ አንዴ ከቆረጥሽ ማን ይመልስሻል? እኔም በዚህ በኩል ወደ አንቺ ስለወጣሁ አውቀዋለሁ።

ሥራዬን ስነግርሽ «ልብስ ሰፊ ሆነህ ሄደህ ሣር ለጣፊ ሆንክ?» ብለሽ ስቀሽብኛል። እውነትሽን ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን በራሴ ስቄአለሁ። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት ምድር ቤቱ በሙሉ በብረት ቁም ሳጥን የተሞላ ነው። በየሳጥኑ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች ከየአገሩ የለቀሟቸው ዕፀዋት ደርቀው፣ ወረቀት ላይ ተለጥፈው ተኝተዋል። አዲስ የመጣው ሁሉ ነቀዝ እንዳያስገባ መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል። ከዚያ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። ቅጠሉን በወረንጦ ዘርግቼ በኮላ እለጥፈዋለሁ፤ ኮላ የማይዘውን ወፍራም ግንድ ደግሞ በመርፌና በክር ወረቀቱ ላይ እሰፋዋለሁ። ይህን እንጀራ ያገኘሁት በዚያ ስፌት ነው። አለቃዬ ዶክተሯ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም የሆነች ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ስፌቴን ገልብጣ በጀርባው አይታ «ይሄን ሰውዬ እንዳትለቁት» አለች። ስፌት በጀርባው እንደሚታወቅ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

በየወረቀቱ ግርጌ በስተቀኝ አንድ ቁራጭ ወረቀት አለች። የተክሉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀኑና የለቃሚው ስም እዚያ ላይ ይጻፋል። ስሙ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው፤ እኛ ስምና የአባት ስም እንደምንለው፣ እነሱ ግን የወገኑን አስቀድመው የራሱን ያስከትላሉ። አንዱ ተክል በየዘመኑ በተለያዩ ሰዎች አምስት ስድስት ስም ወጥቶለት ሲገኝ፣ ደንቡ ቀድሞ የወጣው ይጽና የሚል ነው። ሳጥኖቹም በዝምድና ነው የተደረደሩት። ዱባ፣ ቅል፣ ኪያር፣ ሐብሐብ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት። ያንን ሳጥን የከፈትኩ ቀን አክስቴ ትዝ አለችኝ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ብላ አይደል ነገሩን የጀመረችው?

የምታውቂውን መልሼ ልንገርሽና፣ የዛሬ አራት ዓመት ነው። አንቺ ከግንቡ ወዲህና ወዲያ ያሉት ያንቺና የአክስቴ ሐረጎች አንድ ዓይነት ናቸው አልሽ። እሷ አይደሉም አለች፤ የእሷ በየዓመቱ ቀያይ ፍሬ ያንጠለጥላል፣ ያንቺ አንድም ቀን አፍርቶ አያውቅም፤ የእሷ ቅጠል ሰፊ ነው፣ ያንቺ እንደ ጣት የተሰነጣጠቀ ነው። ነገርን ነገር ያነሳዋልና በመጨረሻ «ይሄ መካን ሐረግሽ ግንቤን ሳይጥለው ንቀይልኝ» አለችሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላችሁ ከግንቡ ሌላ ኩርፊያም ቆመ።

ስለ ሐረጉ ብለሽ እንዳልተቀየምሽ አውቃለሁ እማዬ። እኔ ከመወለዴ በፊት ዘጠኝ ዓመት ያቺን ቃል ከጎረቤትም ከዘመድም ስትሰሚ ኖረሻል። አባዬ አንድ ጊዜ እንደነገረኝ፣ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ማንም ያቺን ቃል ፊትሽ እንዳይደግማት ከሰው ስትጣላ የኖረችው አክስቴ ነበረች። ስለዚህ ከእሷ አፍ ስትሰሚው ከሌላው ሁሉ የባሰ ቢያምሽ አልፈርድብሽም።

ባለፈው ክረምት የሐረጉን ቅርንጫፍ ላኪልኝ ያልኩሽ ይህን ክርክር ለመፍታት ነበር። ዶክተሯ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ሁሉ ጨርሳልኝ፣ ጎረቤታችን ነርሷ ይዛልኝ መጣች። እሽጉን ስንከፍተው ግን ዶክተሯ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንቺ ሆዬ፣ ቅጠሉን አጥበሽ፣ ጠውልጎ ያበላሻል ብለሽ አበባውን ቀንጥሰሽ ጥለሽ፣ የቀረውን በካውያ ተኩሰሽ ልከሽልናል። ለእንግዳ የሚላክ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት ብለሽ ነው። ዶክተሯ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ የተተኮሰ ቅጠል አይታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ አንድም ጭምዳድ የለበትም ብላም አደነቀች። ችግሩ እነሱ ተክልን የሚለዩት ከሁሉ በፊት በአበባው ነው። አበባ የሌለው ቅርንጫፍ ፊቱ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ማለት ነው።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ አትቆጪኝ። ሳላስፈቅድሽ ለአክስቴ ጻፍኩላት። እሷም ሳታጥብ፣ ሳትተኩስ፣ አበባውንም ፍሬውንም በጋዜጣ መሃል አድርጋ ላከችልኝ።

ዶክተሯ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታያቸው ዋለች። መጀመሪያ የቅጠሉን ልዩነት ጠየቅኳት። እሷም ከዱባና ከቅል ሳጥን አንድ ወፍራም አቃፊ አወጣችና የዚህኑ ሐረግ አርባ ወረቀት ዘረጋችልኝ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ ልብ የመሰለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው አልኩ በልቤ። ቀደምት ሰዎችም በዚሁ እየተምታቱ ለአንዱ ሐረግ ብዙ ስም አውጥተውለት ነበር አለችኝ። የጸናለት ስም ኮክሲኒያ ግራንዲስ ነው፤ ፊተኛው ከቀዩ ፍሬ የመጣ ነው፣ ኋለኛው ትልቅ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ አንቺ ነሽ የረታሽው።

ከዚያ ፍሬው ቀረ። ዶክተሯ የአክስቴን አበባ በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ፤ ከአበባው ሥር ገና ከእንቡጥነቱ ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ የመሰለች እብጠት አለች። ካንቺ ቅርንጫፍ አበባው ባይኖርም፣ ከአንድ ቅጠል ጀርባ ካውያ የጨፈለቃት አንዲት እንቡጥ ተደብቃ ተገኘች። በአንድ ጠብታ ሙቅ ውኃ አራሰቻት፣ በመርፌ ከፈተቻት፣ ከዚያም ጠራችኝ። እብጠቷ የለችም። ውስጧ ያለው የአበባ ዱቄት የሚያወጣው ክፍል ብቻ ነው። በዚህ ሐረግ ወንዱ ለብቻው ይበቅላል፣ ሴቷም ለብቻዋ። ያንቺ ወንድ ነው እማዬ። ፍሬ ያላንጠለጠለው ለዚህ ነው። የአክስቴ ሴት ናት፤ ያለ ወንዱ ዱቄት ደግሞ አበባዋ ረግፎ ይቀር ነበር።

ዶክተሯ ጠንቃቃ ናት፤ በአካባቢው ሌላ ወንድ ሐረግ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ልጅ ሆኜ ያልተንጠለጠልኩበት አጥር በሰፈሩ የለም፤ ሌላ አይቼ አላውቅም አልኳት። እንግዲያው አክስቴ እስከዛሬ የለቀመችው ፍሬ ሁሉ አባቱ በአንቺ ግቢ ያለው ነው አለችኝ ዶክተሯ። ንብ ግንብ አያግዳትም፤ እናንተ በተኳረፋችሁባቸው አራት ዓመታትም ስትመላለስ ነበር። ይህን ስሰማ ኮላ በነካው እጄ ዓይኔን ጠርጌ ሌላ መከራ ውስጥ ገባሁ፤ ዶክተሯ ራሷ ናት ያጠበችልኝ።

ይህን ሐረግ ብትነቅይው አክስቴ በሚመጣው ዓመት ፍሬ አታገኝም። ንቀይልኝ ያለችው ራሷ ናት፣ የእጇን ታግኝ ትይ ይሆናል። ግን ከጋዜጣው መሃል አንድ ብጣሽ ወረቀት አስቀምጣ ነበር። ስለ ሐረጉ ስታወራ ቃሉ ከአፏ እንዳመለጣት፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ ፊትሽን እንዳየች፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖባት እንደቀረ ጽፋለች። በርሽን ልታንኳኳ ሁለት ጊዜ መጥታ ታላቅ ሆኖ ይቅርታ መለመን ከብዷት ተመልሳለች። ላንቺ እንድነግርሽ አልጠየቀችኝም። አትንገራትም አላለችም።

ግንበኛው ሥሩን ሳይነካ ዙሪያውን መገንባት ይችላል፤ አባዬ ቆሞ ያሠራው። የአክስቴን ቅርንጫፍ ወረቀት ላይ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ስሟም ከግርጌ ተጽፏል። ላንቺ ደግሞ አዲስ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ አበባውን እንዳለ ላኪልኝ። ካውያውን ለመንታዎቹ ልብስ አቆይው።

ለአባዬ እጁን ስሜአለሁ በይልኝ፤ በአራት ዓመት ጠብ ውስጥ የማንንም ወገን ሳይዝ መኖሩ ሊቅ ያደርገዋል። ለታናሿ እህቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የቀሚሷን ልክ እንደገና ትላክልኝ፣ ያለፈው የሌላ ሰው ይመስላል። መንታዎቹን ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ድመቱንም ሳትረግጪው እለፊ።

ለአክስቴ ግን በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልጻፍኩላትም። ሐረጉ ወንድ መሆኑንም ገና አልነገርኳትም። ሁለቱንም አንቺ አድርሺልኝ።

ልጅሽ

ከደረቁ ዕፀዋት ማከማቻ፣ ምድር ቤት
ጥቅምት 12 ቀን